ያልተስማማው ውጤት

ለዝናብ ትንበያ ተመራማሪዎቹ የሚሠሩበትን የጋራ ሰርቨር ያሰናዳው እሱ፣ የክፍሉ ኃላፊ ነው። አንድ የሶፍትዌር ስብስብ ጭኖ «ከዚህ ውጪ ምንም እንዳትቀላቅሉ!» ብሎ አስጠንቅቋል። የአምስቱ ተመራማሪዎች ውጤት መልካም ክረምት አለ፤ የአዲሷ የረድኤት ብቻ ድርቅ አለ። የአምስቱን አምኖ ትንበያውን ጠዋት ለወረዳዎች ላከና ጠራት።

«ከውጭ ያስገባሽው ነገር አለ» አላት ዓይን ዓይኗን እያየ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ባዘጋጁት ብቻ ነው የሠራሁት።»

አለመደንገጧ ይበልጥ አስጠረጠረው። ልትጥለኝ የመጣች ናት፣ አለ በልቡ። ምሳ ስትወጣ አካውንቷን በረበረ፤ ንጹሕ ሆነበት። ይህማ የተደበቀ ነገር ቢኖር ነው ብሎ ከአምስቱ ጋር አስተያየው። እዚያ መሥሪያ ቤት አዲስ የገባ ሁሉ የነባር ባልደረባውን ማስጀመሪያ ፋይል፣ ማለትም የትኛው ሶፍትዌር እንደሚከፈት የሚወስነውን፣ ገልብጦ ነው ሥራ የሚጀምረው። ረድኤትን ግን ገልብጪ ያላት ሰው አልነበረም።

በአምስቱም ፋይል አናት ላይ፣ እሱ በጫነው ስብስብ ፈንታ አንድ የቆየ ሶፍትዌር እንዲሠራ የምታዝ መስመር ተቀምጣለች። ከጎኗ «ለጊዜው ነው፤ ነገ አጠፋታለሁ» የሚል ማስታወሻ አለ። ቀኑ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ከሥሩ የሰፈረው ስም የገዛ ራሱ።