ለልጄ የማልሰጠውን

ኦርቪል ስታንፊል፣ ሚስ አርዲት ፎስ የሱቁን በር ከፍታ ስትገባ ሲያይ ደሙ ፈላ። ባለፈው ዓመት በከተማው ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ ሽጉጥ ቤት ከትምህርት ቤት ፊት ለፊት ምን ይሠራል፣ ይነሣልን ያለች አስተማሪ እሷ ነበረች። ግማሹ ሰው አጨብጭቦላታል። ኦርቪል ያጨበጨቡትን በሙሉ ያውቃቸዋል፤ እስከ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታቸውን አይመልስም።

አሁን ዓይኗን በጨው አጥባ ሽጉጥ ልትገዛ መጥታለች።

«ትንሽ፣ ከልብስ ሥር የማትታይ እፈልጋለሁ» አለች። «የሚያምኑባትን ያሳዩኝ።»

ኦርቪል ነገሩ የገባው መሰለው። ሴትዮዋ ከድልድዩ ማዶ ለብቻዋ ነው የምትኖረው። አንድ ነገር በር በሩን ሲል ሰምታ ደንግጣለች ማለት ነው። ለሌላው ሰው ሲሆን ሽጉጥ ኃጢአት ነበር፤ በራሷ ሲመጣ ግን ስብከቱ ተረሳ። እንዲህ ያለውን ሰው ከልቡ ይጠላል።

ቢሆንም ሻጭ ነውና ሁለት ሽጉጦች ከመስታወት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንዷ ውድ ናት፤ እሱም ከሸሚዙ ሥር የሚይዘው የሷን ዓይነት ነው። ሌላዋ የዋጋዋን ሲሶ አታወጣም። ኦርቪል ርካሽ ብሎ አይንቅም፤ ብዙ ደመወዝተኛ እንዲህ ዓይነቷን ይዞ በሰላም ይኖራል፣ እንደ ውዷ ባትለሰልስም ትተኩሳለች። ይህን ሁሉ በቅጡ አስረዳት።

አስተማሪዋ ውዷን አንሥታ አገላበጠች። የእጅ አንጓው የደከመ ሰው ሊያቀባብላት ይችል እንደሆነ ጠየቀች። በግራ እጅ ለሚተኩስ ትመች እንደሆነም ጠየቀች። ኦርቪል ትመቻለች አላት። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ነበር።

ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። «ለልጄ የማልሰጠውን ለሰው አልሸጥም» የሚል የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ኦርቪል ሱቁን ሲከፍት በገዛ እጁ የቀረጸው ነው፤ ከኦክላሆማ ሲቲ ድረስ የሚመጣው ገዢ ሁሉ ያንን አምኖ ነው የሚመጣው። ከሥሩ ልጁ ኮራሊ በአሥራ ስድስት ዓመቷ በተኩስ ውድድር አሸንፋ የተነሣችው ፎቶ አለ፤ ዋንጫው በቀኝ እጇ፣ ሽጉጡ በግራዋ።

«ጎበዝ ተማሪዬ ነበረች» አለች አስተማሪዋ። «አይጠይቋትም?»

«ከዚያ ትሮይ ከሚባል ዱርዬ ጋር በዚህ በር ከወጣች ወዲህ ልጅ የለኝም።»

«ብትጸጸትስ? አባት አይደሉም እንዴ?»

«ሽጉጥ ልትገዢ ነው የመጣሽው ወይስ ልታስተምሪኝ?»

እርስዎ ማለቱን እዚያ ላይ ጣለው። አስተማሪዋ ፊቷ ቀላ፤ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና ጥርሷን ነክሳ ተወችው። ይህ ይባስ አናደደው። ልጁን መጽሐፍ እያዋሰች፣ ዓለም ሰፊ ናት እያለች ልቧን ያሸፈተችውስ ማን ሆነና!

ኦርቪል ውዷን ሽጉጥ ከመስታወቱ ላይ አነሣት። ስሙን ነው የሚያስከፍሉት፣ ለምን በከንቱ ትከፍያለሽ አላት። ርካሿንም አብሮ አነሣና ከመሳቢያ በመልክ የማትለይ እኅቷን አወጣ። ይቺኛዋን ባለፈው ወር አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እየተሳደበ መልሷታል፤ አንዴ ትተኩስና ቀለሁን ነክሳ ትቀራለች። ለፋብሪካው ልትላክ ነበር። ኦርቪል በጨርቅ ወልወል አድርጎ አቀረበላት።

አስተማሪዋ በጣቷ ወደ ሰሌዳው አመለከተች።

«ያ ነገር ዛሬም ይሠራል? ለልጅህ ትሰጣት ነበር?»

«ዓይኔን ሳላሽ።»

«በቃ፣ እወስዳታለሁ።»

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ኦርቪል ከዚያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ሲዋሽ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሰው ይጎዳል ብሎም አላሰበ። መለማመጃው ሜዳ ሄዳ በመጀመሪያው ተኩስ ትነክስባታለች፣ ወንዶቹ ይስቁባታል፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ልትመልስ ትመጣለች፤ ያሰበው ይህን ብቻ ነው። ያን ጊዜ በሰው ፊት የሚነግራትን ቃል ከወዲሁ በአፉ ያመላልስ ነበር።

«ሂጂና ተለማመጂባት» አላት፣ ነገሩ እንዲፋጠንለት።

«የመለማመጃ ጊዜ የለም።»

መንግሥት ሽጉጥ ገዢን የሚያጣራበት ምርመራ በስልክ አለፈ። አስተማሪዋ በቀኝ እጇ ፈርማ ሳጥኑን በብብቷ ይዛ ወጣች። የኦርቪል አንጀት ቅቤ ጠጣ፤ ቀኑን ሙሉ እያፏጨ ዋለ።

በሳምንቱ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የወረዳው ፖሊስ፣ ምክትል ሸሪፉ ሆሊስ መጣ። ከኦርቪል ጋር አብሮ አደግ ናቸው፤ ሁልጊዜ ከበሩ ጀምሮ እየተሳደበ ነው የሚገባው። ዛሬ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። በላስቲክ የታሸገች ሽጉጥ ከመስታወቱ ላይ አኖረ። ቀለሁ ከአፏ እንደተሰነቀረ ነው።

ኦርቪል ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ነከሰችባት? ለመሆኑ ወደ አንተ ምን አስሮጣት? ወደኔ ታምጣትና እቀይርላት የለም እንዴ!»

«ካንተ ቤት የወጣች ናት?»

«አዎ፣ ለአስተማሪዋ የሸጥኩላት ናት። ደግሞ ስብሰባ ጠርታ ልትከሰኝ ነው?»

ሆሊስ ቀና አለ። ሰሌዳውን፣ ከዚያም ከሥሩ ያለውን ፎቶ አየ። ባርኔጣውን በእጁ ያዞረዋል።

«ትሮይን ይዘነዋል» አለ። «ይቺን ግን ያላቀቅናት ከቀዘቀዘው የኮራሊ ግራ እጅ ነው።»