አንዴ ጥሪኝ

ያ ክረምት ጨካኝ ነበር። ቃሊቲ በጭቃ ተዋጠች፤ የአምባው ሚስትም ደጋግማ ከቤት እየወጣች መመለሻው ጠፋት። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰዳት።

ሐኪሟ፣ “እማማ፣ የባለቤትዎ ስም ማን ነው?” ብላ ስትጠይቃት አምባው ሳቀ።

“እሱን እንኳ ተይው ልጄ። በደህናዋም ጊዜ ጠርታኝ አታውቅም፤ ያገራችን ሴት የባሏን ስም አትጠራም። ከሰርጋችን ጀምሮ አንዴ ጥሪኝ ብዬ ስለምናት፣ ‘አንድ ቀን’ እያለች ዕዳዋን አቆይታዋለች።”

ሚስቱ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች፣ እንግዳ ሰው እንደምታይ ሁሉ አየችው። ከዚያ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አምባው ይባላል” አለችው። “ውጭ እየጠበቀኝ ነው። ብርድ አይችልም። ሲወጡ ካዩት ግባ ይበሉልኝ፣ ጋሼ።”

አምባው ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ቆመ።

“እሺ፣ እነግረዋለሁ” አላት።