ከሻርፑ ስር

ከጅዳ የተመለሰው ወጣት ላፕቶፑን ይዞ ወደ ደጅ የወጣው ሆን ብሎ ነበር። የከሚሴ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ የሚያብለጨልጨው ስክሪን ለሟች ጓደኛው እናት የራሷን ፊት እንጂ ሌላ አላሳያትም።

«እኔን ነው የማየው» አለች። «ልጄን የቀበሩትን አሳየኝ እንጂ። መልካቸውን አይቼ ዱዓ ላድርግላቸው።»

«ፀሐዩ ነው፣ እማ። ሌላ ቀን ይሻላል።»

ለተእዚያ፣ ለቅሶ ሊደርሳት የመጣ ዕለት «ወደ ጅዳ ስንሻገር በረሃው ላይ በሽርጡ ከፍነን፣ ሰግደንበት ቀበርነው» ብሏት ነበር። በዚያ ቃል ነው የተጽናናችው። እሱና ጓደኞቹ ጅዳ እንደገቡ የተነሱት ይህ ፎቶ ላይ እሱ ራሱ ምን ለብሶ እንደቆመ ግን ያስተዋለው ገና ቅድም፣ እቤት ውስጥ ሲከፍተው ነው።

እሷ ጥቁር ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደች። «ኮቱ፣ ና፣ ጠጋ በል» ብላ እሱንም፣ ላፕቶፑንም፣ ራሷንም አንድ ላይ ሸፈነች። ከሻርፑ ስር ስክሪኑ ቦግ አለ።

«አላህ ኸይር ጀዛችሁን ይክፈላችሁ» እያለች የእያንዳንዱን ፊት በጣቷ ነካች። እሱ ዘንድ ስትደርስ ግን ጣቷ ፊቱ ላይ አልቆመም። ወደ ታች ወርዶ፣ ከወገቡ በታች ያገለደመው አረንጓዴ ሽርጥ ላይ፣ እሷው ለልጇ በቀይ ክር የዘመዘመችው ጠርዝ ላይ ቆመ። ትንፋሿ ጉንጩ ላይ ይሰማው ነበር።

«ታዲያ ልጄን» አለች ቀስ ብላ፣ «በምን ከፈናችሁት?»