ሦስት ጎማና አንድ የኋላ ወንበር

በያጁን ሰፈሩ «ሁለቴ ለኪ» ይለዋል። ቱቦላሬ ብረት ከመቁረጡ በፊት ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ሸሚዝ ሲገዛም እንደዚያው። ትዳርን ግን አንዴም ሳይለካ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞላው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት የዳገት ሞተር ሳይክል እየነዳች ጋራዡ ውስጥ ገባች። ገባች ከማለት ወረረች ማለት ይቀላል፤ በሩ ላይ የተደገፈውን ላሜራ ጥላ፣ ግድግዳውን ጭቃ አልብሳ፣ ብረት የሚታሰርበት ሞርሳ አጠገብ ቆመች። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ቦርሳዋን ይዘው በእግራቸው እያለከለኩ ደረሱ።

«ጋሼ፣ እዚያ ጥላው ስር ይቀመጡ» አለቻቸው። ተቀመጡ።

ከዚያ ወደ በያጁ ዞረች። «ይህን ባለ ሦስት ጎማ አድርግልኝ። የንብ ቀፎዎቼ ተራራው ላይ ናቸው፤ መኪና አይወጣውም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ። ከእኔ ጀርባ ደግሞ የሰው ወንበር።»

«ለማን የሚሆን ወንበር?»

«ለባል።»

በያጁ ሽማግሌውን አያቸው። እሳቸውም ከእግሩ እስከ ራሱ አዩትና በረጅሙ ተነፈሱ።

«እስከ ዛሬ በሁለት ጎማ እንዴት ያደርጉ ነበር?» አላት።

«ሁለት ባል ቀበርኩ። ሁለቱም ከዚሁ ላይ ወድቀው ነው፤ ነፍስ ይማር።» የሞተሩን ኮርቻ መታ መታ አደረገችው፤ ጎበዝ በቅሎ የምታመሰግን ነው የምትመስለው።

ሥራው ተጀመረ። በያጁ የኋላ ሹካውን በመጋዝ ቆርጦ ጣለ። ከተፈታች ትንሽ መኪና ያገኘውን አክስል በቱቦላሬ አቅፎ ከሻንሲው ጋር በየደው። ጎማውን የሚያዞረው ካቴና አልገባ ብሎ ግማሽ ቀን ሲሰድበው ዋለ። ሴትዮዋ በየሁለት ቀኑ ትመጣለች፣ ሽማግሌውም ከኋላ። ወሬዋ ሁሉ ጥያቄ ነው።

«ከኋላ የተቀመጠ ሰው መንገድ ላይ ሐሳቡን ቢቀይር ዘሎ መውረድ ይችላል?»

«ቀበቶ ከታሰረ አይችልም።»

«እንግዲያው ቀበቶ ይኑረው። ቢጮህስ፣ ለሚነዳው ሰው ይሰማል?»

«በዚህ ሞተር ድምፅ? የት ተሰምቶ!»

«ተመስገን» አለች።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ልቡ ደካማ የሆነ ሰው ቢሳፈርበትስ?» ብላ መጣች።

«ቁልቁለቱ ላይ ያልቅለታላ!»

«ያንተ ልብ እንዴት ነው?»

«የእኔማ ብረት ነው።»

ሽማግሌውን ዞር ብላ አየቻቸው። አንገታቸውን ደፉ። በያጁ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቶ ሲሰጣቸው እጁን ያዝ አድርገው መዳፉን ገልብጠው አዩት። «ድረስልኝ ማለታቸው ነው» አለ በልቡ፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ አልወሰደውም።

ወንበሩ የሚለካበት ቀን ደረሰ። «ይምጡ፣ ይሞክሩት» ቢላቸው ሽማግሌው ወደ ኋላቸው አፈገፈጉ።

«ጋሼን ተዋቸው፣ ወገባቸውን ያማቸዋል። አንተው ተቀመጥበት» አለች ሴትዮዋ። ሜትሩን ከእጁ ነጥቃ ጉልበቱን፣ ትከሻውን፣ የጀርባውን ቁመት ለካች። «ልክ ነው!» ስትል ድምጿ ውስጥ የነበረው ደስታ በያጁን ቀፈፈው።

አጠገቡ ለሚሠራው ቀለም ቀቢ በዚያኑ ቀን ነገረው። «ይቺ ሴት ሽማግሌውን ልትገድላቸው ነው።»

«በስንት ፈረስ ጉልበት?»

«አትቀልድ! ሁለቱን ጨርሳለች።»

«ለፖሊስ ንገራ።»

«ምን ብዬ? ወንበር አሠራች፣ ቀበቶ አዘዘች ብዬ?»

ቀለም ቀቢው ብሩሹን እያራገፈ ትንሽ አሰበ። «እኔን እንኳ ቀይ ቅባልኝ ብላኛለች። ደም እንዳያሳይ ይሆናል።»

በያጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልታዘዘውን ሁሉ ሠራ። ቢገለበጥ የሰውየው ጭንቅላት እንዳይነካ ከወንበሩ በላይ ወፍራም ቱቦ አጥፎ በየደ። ስፖንጁን ደረበው። የነዳጅ መስጫው ላይ በስውር አንዲት ማገጃ ቡሎን አስገብቶ የሞተሩን ፍጥነት የአህያ ሩጫ አደረገው። «እኔ በሠራሁት ብረት ሰው አይሞትም» ይላል፣ መነጽሩን አውርዶ የብየዳ ብልጭታ እየረጨ።

ቅዳሜ ጠዋት በያጁ፣ ሴትዮዋና ሽማግሌው ዳገቱ ስር ተገናኙ። ቀዩ ባለ ሦስት ጎማ እያጓራ ቆሟል። ሴትዮዋ የራስ ቁሯን አጠለቀችና መሪውን ጨበጠች።

«በሉ ጋሼ፣ እንግዲህ ቀኑ ደረሰ» አለች።

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ቀስ እያሉ ወደ ሞተሩ መጡ። ለበያጁ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለው።

በያጁ አላስቻለውም። ተስፈንጥሮ መሃል ገባ።

«አይሆንም! እሳቸው አይወጡም!» አለ። «የመጣው ይምጣ፣ እዚህ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ!»

ማንም ሳይዘው ወጣ። ተቀመጠ። ቀበቶውን ጠረቀመውና ዓይኑን ጨፈነ።

ከፊቱ የሚጠብቀው ሳቅ አልመጣም። አንድ ዓይኑን ገለጠ። ያቺ ጋራዥ የወረረች ሴት አንገቷን ሰብራ የጓንቷን ክር ትመዛለች፤ አፍራለች።

ሽማግሌው መዳፋቸውን በያጁ ራስ ላይ አሳረፉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዘግቶ የከረመው አፋቸው ተከፈተ።

«እህቴ፣ እኔ ወንድምሽ መርቄያለሁ፤ ይሄኛው ባል እንደ ፊተኞቹ አላስለመነንም።»