መዳፍ ወደ ታች

ነፋሱ በሩን ከኋላዋ ድርግም ሲያደርገው ዘላ እጀታውን ያዘች፤ መቶ ዓመት ያገለገለው ናስ ግን ከነብሎኑ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ፤ በሩም ተዘጋባት። በአንዲት የስዊድን ደሴት ላይ ለመርከቦች ሲያበራ በኖረው ጥንታዊ ማማ ጫፍ፣ በምትጠግነው የመስታወት ክፍል ውስጥ፣ ብቻዋን ነበረች። ስልኳ ታች ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነው። የሠራተኞቹ ጀልባ እስከ ሰኞ አትመጣም። ሥራዋን ልታይላት የመጣችው ልጇ ደግሞ ወደ ስቶክሆልም በምትመለሰው ጀልባ ላይ እየወጣች ነበር፤ «ሂጂ፣ ጀልባዋ እንዳታመልጥሽ፤ ከላይ ሆኜ እሸኝሻለሁ» ያለቻት ራሷ ናት።

«ምኞቴ! ኧረ ተመለሺ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ከመስታወቱ አላለፈም። መዶሻዋን አነሳች። ፊት ለፊቷ ያለው መስታወት ግን ማማው ሲሠራ የገባ፣ ስንቱን ማዕበል ያሳለፈ ነው፤ እንዲይዘው ዙሪያውን ጠዋት የቀባችው ስቱኮ ገና አልደረቀም። አንዴ ብታንኳኳው ይወድቃል። መዶሻውን መልሳ አስቀመጠችና እጇን ከፍ፣ መዳፏን ወደ ታች አድርጋ፣ ጣቶቿን ሰብሰብ ዘርጋ እያደረገች ጠራቻት። አገር ቤት እናቷ እሷን ከጨዋታ የምትጠራት እንዲህ ነበር። ነይ፣ ነይ።

ልጇ ቀና ብላ አየቻት። እናትየው እፎይ አለች። ስዊድን ተወልዳ ያደገችው ልጅ ግን ፊቷ በፈገግታ በራ፤ የስንብት ሰላምታ መስሏት «ሄይ ዶ!» ስትል ከንፈሯ ታየ። አጠገቧ እንዳሉት ስዊድኖች እጇን አላውለበለበችም። እናቴን ደስ ይበላት ብላ፣ መዳፏን ልክ እንደ እሷ ወደ ታች አድርጋ፣ ጣቶቿን ሰብሰብ ዘርጋ አደረገች። ጀልባዋ ከደሴቱ እየራቀች ሳለ ልጅ እናቷን፣ ነይ፣ ነይ ትላት ነበር።