ድምፅ መራጯ

ሴትዮዋ ለሦስተኛ ጊዜ ማጫወቻ ሊመልሱ ሲመጡ ሻጩ ከወንበሩ መነሳት እንኳ ታከተው።

«ይሄም አልሆነም?»

«ድምፁ ይቀጥናል፣ ልጄ።»

«የመጀመሪያው ይንሿሿል አሉ፣ ሁለተኛው ጎርናና ነው አሉ። እማማ፣ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው!» ብሎ ከመሳቢያ ውስጥ አንድ አሮጌ ማጫወቻ ሰጣቸው። ሚሞሪ ካርዳቸውን ከትተውበት ሄዱ።

በማግስቱ ደግሞ መጡ። ማጫወቻው ረጥቧል፤ ጭድ ተለጥፎበታል።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«ላሜ ናት» አሉ በደከመ ድምፅ። «ጥጃዋ ከሞተ ወዲህ አልታለብ አለችኝ። የልጅ ልጄ በስልኩ ቀድቶት የነበረውን የጥጃውን ድምፅ ባሰማት፣ በሌሎቹ ማጫወቻዎች ሁሉ ፊቷን አዞረችብኝ።»

«እና ይሄንንም ሊመልሱ ነው?»

«ቻርጀሩን ልወስድ ነው» አሉ፣ ማጫወቻውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ይሄኛውን ላሰችው።»