በደረት ኪስ ያለችው ብልቃጥ

ትናንት ሆስፒታል የተኛችውን እህቴን እግሯ ተልጦ ካየሁ በኋላ ማንንም አልጠየቅኩም። ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ባሏን መናኸሪያ ደረስንበት፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሊሳፈር ነበር። በኮሌታው ጎትቼ መሬት ላይ ጣልኩት።

«እህቴን በፈላ ውሃ ቀቅለህ ወዴት ነው?»

«ጋሼ፣ አልነካኋትም! ሐኪሙ ነው የላከኝ…»

አፉን በቡጢ ዘጋሁት። ታናሽ ወንድሜ ጉልበቱን በዱላ ሰበረው። ሰውዬው ግን ፊቱን ትቶ የደረት ኪሱን በሁለት እጁ ይከላከል ነበር። ጣቶቹን ረግጬ አስለቀቅኩት። አንዲት ብልቃጥ ተንከባለለች።

«ደግሞ አረቄ ይዘሃል!» ብዬ በጫማዬ ደፈጠጥኳት። ሽታዋ ዓይን ያቃጥላል።

ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድን። እህቴ አንሶላውን ገለጠች። ትናንት ደህና የነበረው ጭኗም ውሃ ቋጥሮ ተልጧል።

«እሱ ከሄደ በኋላ ነው የወጣብኝ» አለች።

ሐኪሙ ከኋላችን ገባ።

«ቃጠሎ እንዳይመስላችሁ። ቆሽቷ ላይ ያለ እጢ በሚረጨው ሆርሞን የሚመጣ ቁስል ነው ብለን ጠርጥረናል። ከተረጋገጠ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ጠዋት እዚሁ ከቁስሏ ቆርጠን በብልቃጥ መድኃኒት የነከርነውን ናሙና ባሏ ለአዲስ አበባ ላቦራቶሪ ይዞ ሄዷል። ተሳፈረ?»

እህቴ አየሩን አሸተተች፤ ከዚያ ጫማዬን አየች።